ወላጆችና የልጆቻቸው የሒሳብ ትምህርት

ልጅን ማስተማር የወላጅ ግዴታ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ነገር ግን ወላጅ ልጁን ወደ ተማሪ ቤት ከላከ በኋላ ልጁ የሚማረውን ነገር የመምረጥ መብት አለውን? ወይስ ምርጫው የመንግሥትና የአስተማሪዎች ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ቋንቋ ትምህርት ቢነሣ ማንም አይደነቅም። ስለ ሒሳብ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሁለትና ሁለት አራት መሆኑ በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም አንድ ነውና። እንዲህ ሆኖ ሳለ በአሜሪካ አገር ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የሒሳብ መጽሐፍ ከስድሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ማኅበር አቁመዋል፤ አቤቱታ ጽፈዋል፤ ፍርድ ቤትም ቆመዋል።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ይህን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ሙግት ብቻ ስላልሆነ ነው። የዚያ ክርክር ማዕበል አንድ ጊዜ እስከ አገራችን ደርሷል። ከዚህም በላይ ጥያቄው እኛን ተማሪዎችን፣ አስተማሪዎቻችንንና ወላጆቻችንን ሁሉ የሚነካ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ የአሜሪካን የትምህርት አስተዳደር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው የማእከላዊው መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር አይደለም። በየግዛቱ ከ13,000 የሚበልጡ የትምህርት ወረዳዎች አሉ፤ በአብዛኞቹም ሕዝብ የመረጠው የትምህርት ቦርድ አለ። መጽሐፍ የሚመረጠውም በዚህ ቦርድ ወይም በግዛቱ መንግሥት ነው። ስለዚህ ወላጅ ቅር ሲለው አቤት የሚልበት በር ከቤቱ ሩቅ አይደለም።

የወላጅን መብት በሚመለከት ከሁሉ የሚታወቀው ፍርድ በ1925 ዓ.ም. የተሰጠው ነው። የኦሬገን ግዛት በ1922 ዓ.ም. ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲማሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ የሚሲዮንንና የግልን ትምህርት ቤቶች የሚያዘጋ ስለ ነበረ አንድ የካቶሊክ ደናግል ማኅበርና አንድ የግል የጦር ትምህርት ቤት ከሰሱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ልጅ የመንግሥት ፍጡር ብቻ እንዳልሆነና ወላጅ ልጁን የማሳደግና ትምህርቱን የመምራት መብት እንዳለው ፈርዶ ሕጉን ሻረ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ስለ ሆንን ይህን ፍርድ በደስታ እናስታውሰዋለን። ነገር ግን ፍርዱ ወላጅ ትምህርት ቤትን ይምረጥ አለ እንጂ በተመረጠው ትምህርት ቤት ውስጥ መጽሐፍን ይምረጥ አላለም። ኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የተነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በጥቅምት 4 ቀን 1957 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የምትባለውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ሰደደች። አሜሪካኖች በሳይንስ ተቀደምን ብለው ደነገጡ። በሚከተለው ዓመት ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ አገር ቋንቋ ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። በዚያው በ1958 ዓ.ም. በፕሮፌሰር ኤድዋርድ ቤግል መሪነት አዲስ የሒሳብ መጻሕፍትን የሚያዘጋጅ የሊቃውንት ቡድን ተቋቋመ። ይህም ትምህርት «አዲሱ ሒሳብ» ተባለ።

አዲሱ ሒሳብ የነገሮችን ስብስብ፣ የቁጥሮችን ሕግና ከዐሥር በቀር በሌላ መሠረት መቁጠርን ለሕፃናት ያስተምር ነበር። ለምሳሌ በዐሥር መሠረት 7 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በአምስት መሠረት 12 ተብሎ ይጻፋል፤ አንድ አምስትና ሁለት ማለት ነውና። የሊቃውንቱ አሳብ መልካም ነበር። ልጁ የሒሳብን መንገድ እንደ በቀቀን ከመድገም ይልቅ ምክንያቱን ይወቅ ማለታቸው ነው። ነገር ግን ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ አባቱን ቢጠይቅ አባት መልስ አልነበረውም። ሱቅ ከፍቶ ዕድሜውን ሙሉ ሲደምርና ሲቀንስ የኖረ ሰው በሰባት ዓመት ልጁ ፊት መሃይም ሆነ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው የአገራችን ተረት በዚያ አገር በእውነት ተፈጸመ። ለወላጆች የማታ ትምህርት እስከ መክፈት የደረሱ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ።

ተቃውሞው ከወላጆች ብቻ አልመጣም። በ1962 ዓ.ም. ከስድሳ የሚበልጡ የሒሳብ ሊቃውንት በመጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ትምህርቱ ከልጆች ዕውቀትና ከኑሮ የራቀ እንዳይሆን አስጠነቀቁ። ከእነርሱ አንዱ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞሪስ ክላይን በ1973 ዓ.ም. «ጆኒ መደመር ለምን አቃተው» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ «ወደ መሠረቱ እንመለስ» የሚል ድምፅ በረታ፤ አዲሱ ሒሳብም ቀስ በቀስ ከክፍል ወጣ።

ይህ ማዕበል እስከ እኛ ደርሷል ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1961 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ስለ አፍሪካ ትምህርት ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከዚያም በ1962 ዓ.ም. የአፍሪካ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ መምህራን በኡጋንዳ አገር በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በኢንቴቤ ከተማ ተሰብስበው ለአፍሪካ ልጆች የሚሆን የአዲሱን ሒሳብ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመሩ። «የኢንቴቤ ሒሳብ» የተባለው ይህ ነው። በዚህ ሥራ ከተካፈሉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከእርሷም ጋር ጋናና ናይጄሪያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ነበሩበት። ኋላ ግን ናይጄሪያ በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ኬንያም በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲሱን ሒሳብ ትተው ወደ ቀድሞው ትምህርት ተመለሱ። እንግዲህ በአሜሪካ ለአንድ ችግር የታሰበ መድኃኒት የሌላውን አገር ልጅ ሁሉ ይፈውሳል ማለት አይቻልም።

የመጀመሪያው ክርክር በዚህ ሲበርድ ሁለተኛው ተከተለ። በ1989 ዓ.ም. የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር አዲስ የትምህርት ደረጃ መግለጫ አወጣ። መግለጫው ተማሪው በቡድን እየተወያየ መንገዱን ራሱ እንዲያገኝ፣ የሒሳብ መኪና እንዲጠቀምና በቃል የሚጠናው ነገር እንዲቀንስ የሚመክር ነበር። የመንግሥቱም ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት በ1990ዎቹ ዓመታት በዚህ አሳብ ለሚጻፉ መጻሕፍት ገንዘብ ሰጠ። ከእነዚህም አንዱ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «ኮኔክትድ ማትማቲክስ» ነው።

ልዩነቱን በትንሽ ምሳሌ እናሳይ። 27 በ14 ይባዛ ቢባል፣ በቀድሞው ትምህርት ተማሪው ቁጥሮቹን አንዱን ከአንዱ በታች ጽፎ በተለመደው ሥርዐት ያባዛል። በአዲሱ ትምህርት ግን ራሱ መንገድ ይፈልግ ይባላል። አንዱ 27 በ10 270፣ 27 በ4 108፣ ድምሩ 378 ይላል። ሌላው ሥዕል ይሥላል። ሦስተኛው ሃያ ሰባትን ዐሥራ አራት ጊዜ ይደምራል። አስተማሪዎቹ ልጁ ማሰብን ተማረ ብለው ተደሰቱ። ወላጆቹ ግን አጭሩና የታወቀው መንገድ እያለ ልጁ ለምን በጫካ ይንከራተታል፣ የማባዣውን ሰንጠረዥ በቃሉ ሳያውቅ አልጀብራ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል ብለው ሠጉ። የጠሉት ማሰብን አልነበረም፤ የፈሩት ልጃቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚያደርሰው መንገድ እንዳይቀር ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ወላጆች መተባበር ጀመሩ። በካሊፎርኒያ ግዛት በፓሎ አልቶና በሳን ዲዬጎ ከተሞች በ1990ዎቹ እኩሌታ የወላጆች ማኅበሮች ተቋቋሙ። ከአባሎቻቸው ብዙዎቹ መሐንዲሶችና የሳይንስ ሰዎች ስለ ነበሩ መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ መርምረው ጉድለት ያሉትን አሳተሙ። በመጨረሻም የካሊፎርኒያ የትምህርት ቦርድ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቃውንት የረዱበትን ጥብቅ የሒሳብ ደረጃ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አጸደቀ።

በቴክሳስ ግዛት በፕሌኖ ከተማ ደግሞ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ወረዳው ኮኔክትድ ማትማቲክስን ለመካከለኛ ክፍሎች ሁሉ ሲያደርግ ብዙ ወላጆች ፈርመው አቤቱታ አቀረቡ። የጠየቁት መጽሐፉ እንዲጠፋ አልነበረም፤ የፈለገ ይማርበት፣ ላልፈለገ ግን በቀድሞው መንገድ የሚሰጥ ክፍል ይከፈትለት ነው ያሉት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» የሚለውን ተረታችንን የሚያውቁ ይመስላሉ። ወረዳው እምቢ ስላለ በ1999 ዓ.ም. ከሰሱ። ክርክሩ በ2001 እና በ2003 ዓ.ም. ከፍ ካለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የሚመረመረው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ይኸውም ወረዳው ስለ ሒሳቡ መጽሐፍ ለማስረዳት በጠራው የማታ ስብሰባ ላይ ወላጆች የተቃውሞ ጽሑፍ ማደል ይፈቀድላቸዋልን የሚል ነው። ስለ ክፍልፋይና ስለ ማባዛት የተጀመረው ነገር ስለ መናገር ነጻነት ክርክር ሆነ። ምርጫ የተከለከለ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው መናገርን መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በዚያው በ1999 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዐሥር የሒሳብ ትምህርቶችን «ምሳሌ የሚሆኑ» ወይም «ተስፋ የሚጣልባቸው» ብሎ አስታወቀ፤ ኮኔክትድ ማትማቲክስም ከመካከላቸው ነበረ። በሚከተለው ወር ከ200 የሚበልጡ የሒሳብና የሳይንስ ሊቃውንት፣ የኖቤል ሽልማት ያገኙትም ሳይቀሩ፣ ውሳኔው እንዲሰረዝ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ አወጡ። ሊቅ ከሊቅ ሲለያይ ወላጅ ማንን ይስማ?

በዋሽንግተን ግዛት በሲያትል ከተማ የሆነውም ሊነገር ይገባል፤ በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስለሚኖሩ ነገሩ ለወገኖቻችን ልጆች የቀረበ ነው። በ2009 ዓ.ም. የከተማው የትምህርት ቦርድ «ዲስከቨሪንግ» የተባሉትን የሒሳብ መጻሕፍት ለሁለተኛ ደረጃ መረጠ። አንዲት ወላጅ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪና አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ከሰሱ። ከክርክራቸው አንዱ እንዲህ ያለው ትምህርት በድኻና በሀብታም፣ በአንዱና በሌላው ወገን ልጆች መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋል የሚል ነበር። ዳኛዋ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ቦርዱ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ወስኗል ብለው ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2011 ዓ.ም. ይህን ፍርድ ሻረ። መጽሐፍ የመምረጥ ሥልጣን የቦርዱ ሆኖ ቀረ። ሆኖም የከተማው ሰዎች ቦርዱን የሚመርጡ እነርሱ ናቸውና ዝም አላሉም። በ2014 ዓ.ም. ቦርዱ ለአንደኛ ደረጃ በሲንጋፖር ዘዴ የተዘጋጀ የሒሳብ መጽሐፍ መረጠ።

የቅርብ ጊዜውን ታሪክ በሳን ፍራንሲስኮ እናገኘዋለን። ወረዳው ልጆች በችሎታ ተለያይተው ገና በልጅነታቸው ወደ ኋላ እንዳይቀሩ በማሰብ በ2014 ዓ.ም. አልጀብራን ከ8ኛ ክፍል አንሥቶ ወደ 9ኛ አዛወረው። ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ግን ለልጆቻቸው ከውጭ ትምህርት ገዙ፤ ገንዘብ የሌላቸው ጠበቁ። በመጋቢት 2024 ዓ.ም. ለከተማው ሕዝብ ምክር እንዲሆን በቀረበው የድምፅ ምርጫ ከአምስቱ መራጮች ከአራቱ የሚበልጡት አልጀብራ ወደ 8ኛ ክፍል ይመለስ አሉ። የትምህርት ቦርዱም ከዚያ ቀድሞ በየካቲት ወር በሙከራ ለመመለስ ወስኖ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንፈርዳለን? የትምህርት ቤቶቹ ወገን የሚለው ያለ ፍሬ አይደለም። እያንዳንዱ ወላጅ መጽሐፍ ልምረጥ ቢል አስተማሪው በአንድ ክፍል ሁለት ዐይነት ትምህርት ማስተማር አይችልም። መጽሐፉ፣ ክፍሉና የአስተማሪው ሥልጠና ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ወላጅ ሁሉ ሒሳብ ዐዋቂ አይደለም፤ እርሱ የተማረበትን መንገድ ስለ ለመደው ብቻ አዲሱን ሊጠላ ይችላል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ በሽተኛው ጠርሙሱን አይመርጥም ይላሉ።

የወላጆቹም ወገን መልስ አለው። ሐኪሙ ስሕተት ቢሠራ የሚታመመው የእኔ ልጅ ነው፤ ልጄ 7ኛ ክፍልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው ይላሉ። ሙከራው ካልተሳካ መጽሐፉ በሌላ ይለወጣል፤ የልጁ ዓመት ግን አይመለስም። ለእኛ ከሁሉ የከበደን ይህ ነው። ሊቃውንቱ ከዐሥር ዓመት በኋላ አሳባቸውን አሻሽለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ያለፉት ልጆች ግን ወደ ክፍል አይመለሱም።

ስለ ትምህርቱ ዘዴ የሚሻለውን አሳብ ያገኘነው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተቋቋመው ብሔራዊ የሒሳብ አማካሪ ጉባኤ ሪፖርቱን አወጣ። ትምህርት ሁሉ በተማሪው ፍለጋ ብቻ ወይም በአስተማሪው ነገራ ብቻ ይሁን ማለት በምርምር የተደገፈ አይደለም አለ። ምክንያቱን ማወቅ፣ ማስላትን መልመድና አዲስ ጥያቄን መፍታት ሦስቱም እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ መሆናቸውንም ገለጸ። ይህን ስናነብ የአባቶቻችን ትምህርት ትዝ አለን። የቤተ ክህነት ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ያጠናል፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የሌላውን መድገም ነውር ነው፤ ከራሱ አዲስ ቅኔ ማፍለቅ አለበት። በባሕረ ሐሳብም እንደዚሁ ነው። ጥንተ አበቅቴ 11፣ ጥንተ መጥቅዕ 19፣ ድምራቸውም 30 መሆኑን ተማሪው በቃሉ ይይዛል። ይሁን እንጂ 11 የተባለው የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ስለሚያንስ መሆኑን ያወቀ ጊዜ ትምህርቱ ሕይወት ያገኛል። በቃል መያዝና መመርመር ባላንጣዎች አይደሉም፤ የአንድ ሰው ሁለት እግሮች ናቸው።

ስለ ምርጫ ግን የእኛ አሳብ ይህ ነው። ወላጅ የልጁን የሒሳብ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ያዝዝ አንልም፤ ነገር ግን መጽሐፉ ከመመረጡ በፊት ሊያየው፣ ሊጠይቅና መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ሁለት መንገድ መክፈት በሚቻልበት ቦታም ሁለቱ ቢከፈቱ መልካም ነው። ምርጫው ግን ለሁሉ መሆን አለበት። የፓሎ አልቶ ወላጆች መሐንዲሶች ስለ ነበሩ ተሰሙ። የሳን ፍራንሲስኮ ባለጠጋ ለልጁ ትምህርት ገዛ። ማንበብ ያልተማረች እናትና ቀኑን ሙሉ በሥራ የሚደክም አባት ግን በየትኛው ስብሰባ ይቆማሉ? እነዚህም ወላጆች ናቸው። ከእኛም መካከል ደብተራችንን ገልጠው ማንበብ የማይችሉ፣ ነገር ግን እኛን ለማስተማር በሬያቸውን የሸጡ ወላጆች ያሉን አለን። ለእነርሱ ምርጫ ማለት አስተማሪው በሚገባቸው ቋንቋ ልጃቸው ምን እንደሚማርና ለምን እንደሚማር ሲያስረዳቸው ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ወደ ትምህርት ቤታችን ስትመጡ የልጃችሁን ማርክ ብቻ ሳይሆን የሚማረውንም ጠይቁ፤ አላውቅም ብላችሁ አትፈሩ። የተከበራችሁ አስተማሪዎቻችን፣ ወላጅ ሲጠይቃችሁ ሥልጣናችሁን የነካ አይምሰላችሁ፤ ጠያቂ ወላጅ ያለው ተማሪ ለእናንተም ረዳት አለው። እኛም ተማሪዎች ማታ ቤት ስንገባ የተማርነውን ለወላጆቻችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በምናውቀው ቋንቋ ሁሉ እናስረዳ። ያልገባን ነገር ካለ እዚያ ይታወቃል፤ የገባንንም ለሌላ ስናስረዳ ይበልጥ እናጠናዋለን።